አፍዝ አደንግዝ ወይስ ሕክምና?

በአገራችን «አፍዝ አደንግዝ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለንም። የአንገት ወርቋን አውልቃ ለማታውቀው ሰው የሰጠች ሴት፣ የበሬውን ዋጋ ቈጥሮ ለመንገደኛ አስረክቦ ባዶ እጁን የተመለሰ ገበሬ፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ «ምን እንደ ነካኝ አላውቅም፤ አፍዝ አደንግዝ ቢያደርጉብኝ ነው» ሲሉ በገበያም በለቅሶ ቤትም ይሰማሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ልጆቻችን አንድ ሰው በመድረክ ላይ ቆሞ ጣቱን ሲያጮህ ሌላው ሰው ራሱን ደፍቶ ሲያንቀላፋ በእጅ ስልካቸው እያዩ፣ «ይህ ሂፕኖሲስ የሚባል ጥበብ ነው፤ በውጭ አገር ሐኪሞች በሽታ ይፈውሱበታል» ይሉናል። ወላጆቻቸውም በበኩላቸው «ይህማ ያው የምናውቀው አፍዝ አደንግዝ አይደለምን? ክርስቲያን ሊቀርበው ይገባዋልን?» ብለው ይጠይቁናል።

እኛ በልጅነታችን ዲቁና ተቀብለን የቅኔ ቤት ትምህርት የቀመስን፣ ዛሬም በደጀን ከተማ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የምናስተምር ስለ ሆንን፣ ጥያቄው ከሁለቱም ወገን ይደርሰናል። አረጋውያኑ ነገሩን ያለ ልክ ይፈሩታል፤ ወጣቶቹ ያለ ልክ ይመኩበታል። ያለ ልክ መፍራትና ያለ ልክ መመካት ግን ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ ይኸውም ነገሩን አለማወቅ ነው። ስለዚህ ይህ ሕክምና ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከርሱም ምን ሊጠበቅና ምን ሊጠበቅ እንደማይገባ ለማስረዳት ይህችን ጽሑፍ አዘጋጀን።

ሂፕኖሲስ የሚለው ስም የተገኘው ሂፕኖስ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጓሜውም እንቅልፍ ማለት ነው። የነገሩ ታሪክ ግን ከስሙ ይቀድማል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። በ18ኛው መቶ ዓመት ፍራንዝ አንቶን ሜስመር የተባለ ሐኪም በመጀመሪያ በቪየና፣ በኋላም በፓሪስ ተቀምጦ፣ በሰው ሰውነት ውስጥ እንደ ማግኔት ያለ ኃይል ያለው የማይታይ ፈሳሽ ይመላለሳል፤ በሽታም የሚመጣው የዚህ ፈሳሽ መንገድ ሲታገድ ነው እያለ ያስተምር ነበር። ብዙ ሕዝብ ተከተለው፤ ከሕዝቡም ብዙዎች በእውነት ተሻለን አሉ።

በ1784 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ነገሩን የሚመረምሩ ሊቃውንት ሾመ፤ ከነርሱም መካከል አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊንና የኬሚስትሪው ሊቅ ላቯዚዬ ነበሩ። ሊቃውንቱ ካደረጉት ፈተና አንዱ እንዲህ ነበር። በፍራንክሊን ግቢ ከነበሩት ዛፎች በአንዱ ላይ ብቻ የሜስመር ደቀ መዝሙር «ኃይሉን» አሳደረበት። የ12 ዓመት ልጅም ዐይኑ ታስሮ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተመራ እንዲያቅፋቸው ተደረገ። ልጁ ግን ኃይል አድሮበታል ወደ ተባለው ዛፍ ሳይደርስ፣ ምንም ካልተደረገበት ከሌላ ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። ሊቃውንቱም «ፈሳሽ የተባለው ነገር የለም፤ ሥራውን የሚሠራው የሰውየው የገዛ ሐሳቡ ነው» ብለው ፈረዱ። ሜስመር በዚህ ፍርድ አፈረ፤ ነገር ግን ፍርዱ ራሱ አንድ ትልቅ ጥያቄ ትቶ አለፈ። ሐሳብ ብቻውን ልጁን መሬት ላይ የሚጥል ከሆነ፣ በመልካም እጅ ቢመራ ታማሚውን ሊያነሣ አይችልምን?

ይህን ጥያቄ አንሥቶ የመረመረው በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ይኖር የነበረው ስኮትላንዳዊው ቀዳጅ ሐኪም ጄምስ ብሬድ ነው። ብሬድ በ1841 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን ትርኢት ተመለከተ። በመጀመሪያ ማታለል ነው ብሎ ቢጠራጠርም፣ ዐይንን በአንድ ነጥብ ላይ በማሳረፍ ብቻ ያ ሁኔታ እንደሚመጣ ራሱ ፈትኖ አገኘው። በ1843 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሂፕኖቲዝም የሚለውን ስም ሰጠው። ቈይቶ ግን ነገሩ በእውነት እንቅልፍ እንዳልሆነ ስለ ተረዳ፣ ስሙን «ልብን በአንድ ሐሳብ ላይ ማቆም» ወደሚል ትርጉም ሊለውጠው ሞከረ፤ ሆኖም የመጀመሪያው ስም ሥር ሰዶ ስለ ነበር አልለቀቀም። ከዚያ በኋላ ነገሩ አንድ ጊዜ ሲከበር፣ አንድ ጊዜ ሲናቅ ኖሮ፣ የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር በ1955 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም በ1958 ዓ.ም. በሕክምና ውስጥ ቦታ ያለው መሆኑን ተቀበሉ።

እንግዲህ እንቅልፍ ካልሆነ ምንድን ነው? ይህን ለማስረዳት ከሩቅ ምሳሌ መሻት አያስፈልገንም። በቀድሞው ቢቸና አውራጃ በዲማ ጊዮርጊስ፣ ወይም በሌላው የጎጃም ቅኔ ቤት፣ ተማሪ ቅኔ ሊቈጥር ወደ ዛፍ ጥላ ሲሄድ ያየ ሰው ያውቀዋል። ተማሪው ደበሎውን ተከናንቦ ከወይራው ሥር ይቀመጣል። ዐይኑ ተከፍቶ ሳለ ባጠገቡ ያለፈውን ሰው አያይም፤ ጓደኛው በስሙ ቢጠራው አይሰማም፤ ዝንብ ፊቱ ላይ ብታርፍ አያባርርም። ረኃቡንም ብርዱንም ይረሳል። ተኝቷልን? አልተኛም፤ እንዲያውም ልቡ ከምንጊዜውም ይልቅ ነቅቷል። ነገር ግን ልቡ በአንድ ነገር ላይ ስለ ተሰበሰበ የቀረው ዓለም ሁሉ ራቀው። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ በአውቶቡስ የሚወርድ መንገደኛም እንዲሁ ነው፤ በሐሳብ ከተዋጠ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጠማዘዘውን ቍልቍለት እንዴት እንደ ወረደው ሳያውቅ ከድልድዩ ላይ ይደርሳል። ሰመመን የምንለው የሂፕኖሲስ ሁኔታ የዚህ የልብ መሰብሰብ ወንድም ነው። ልዩነቱ፣ ተማሪው ልቡን የሚሰበስበው ብቻውን ሲሆን፣ ታካሚው ግን በሐኪሙ ቃል እየተመራ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ምሥጢር ቃል በሥጋ ላይ ያለው ሥልጣን ነው። ይህም ቢሆን ለኛ እንግዳ አይደለም። በሁዳዴ ጾም መካከል አንዱ ስለ ፋሲካ ዶሮ ወጥ አጣፍጦ ቢያወራ የሰሚዎቹ አፍ ምራቅ ይሞላል፤ ዶሮም ወጥም ግን በቤቱ የለም። መኪና ተገልብጦበት የተረፈ ሰውም አውቶቡሱ ገና ከመናኸሪያው ሳይነሣ ስለ ቍልቍለቱ ሲወራ መዳፉ ያልበዋል፤ ልቡም ይመታል። ልብ ተሰብስቦ ሳለ የተነገረ ቃል ከወትሮው ይልቅ በርትቶ ወደ ሥጋ ይደርሳል፤ የሂፕኖሲስ ሕክምናም ፍርሃትን ለማብዛት የሚሠራውን ይህን መንገድ ፍርሃትን ለማብረድና ሕመምን ለማስታገሥ ይጠቀምበታል።

ይህ በምሳሌ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ በመሣሪያም ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. ፒየር ሬንቪል የተባለ ተመራማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ፈቃደኞች እጃቸውን በሚያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ እንዲነክሩ አድርጎ አንጎላቸውን በምስል መሣሪያ ተመለከተ። በሰመመን ሳሉ «ሕመሙ አያስጨንቃችሁም» ሲባሉ፣ የሕመምን ጭንቀት በሚቀበለው የአንጎል ክፍል ያለው ሥራ ቀነሰ፤ «በእጅጉ ያስጨንቃችኋል» ሲባሉ ደግሞ ጨመረ። የትኩሳቱን ብርታት የሚመዝነው ሌላው ክፍል ግን እንደ ነበረ ቈየ። እንግዲህ ሰዎቹ ለሐኪሙ ይሉኝታ ብለው «አላመመንም» አላሉም፤ ውኃው ትኩስ መሆኑን እያወቁ ጭንቀቱ ግን ራቃቸው።

እኛም ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባ አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ በተቀመጥን ጊዜ የዚህን ጥቂት ቀምሰናል። ሐኪሙ ፍርሃታችንን አይቶ ማደንዘዣውን ከመውጋቱ በፊት ወንበሩን አስተካከለልን። «በጣራው ላይ ያለችውን ነጥብ ይመልከቱ፤ ትንፋሽዎን በቀስታ ይልቀቁ፤ በልጅነትዎ የሚወዱትን ቦታ ያስቡ» አለን። እኛም የቅኔ ቤቱን የጽድ ጥላ፣ የማለዳውን ጤዛ፣ የደወሉን ድምፅ አሰብን። ሐኪሙም በዝግታ እየተናገረ ከዚያ ጥላ እንዳንወጣ ያደርገን ነበር። የመርፌውን መውጋት አውቀነዋል፤ የመሣሪያውንም ድምፅ ሰምተነዋል። ነገር ግን በጎረቤት ግቢ እንደሚፈለጥ እንጨት ከሩቅ ይሰማን ነበር። ሲጨርስም ምንም አልረሳንም፤ እጃችን የወንበሩን ክንድ ጨብጦ አለመዋሉ ብቻ ገረመን።

ስለዚህ ወደዚህ ሕክምና የሚሄድ ሰው ምን እንደሚገጥመው አስቀድሞ ይወቅ። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ስለ ሕመሙ፣ ስለሚወስደው መድኃኒትና ስለ ኑሮው ይጠይቀዋል፤ የሚደረገውንም ይነግረዋል። ከዚያም በወንበር አስቀምጦ ዐይኑን በአንድ ነገር ላይ እንዲያሳርፍ፣ ትንፋሹን እንዲያዘገይ፣ ከእግሩ ጀምሮ ሰውነቱን እንዲያላላ ይመራዋል። ልቡ ሲሰበሰብ ስለ መጣበት ጉዳይ የሚረዳውን ቃል ይነግረዋል፤ በመጨረሻም ቍጥር እየቈጠረ ወደ ወትሮው ሁኔታ ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ አብዛኛውን ጊዜም በሳምንት አንድ ቀን እየተመላለሱ የሚፈጽሙት ነው። ታካሚው የሚነገረውን ይሰማል፤ ቢፈልግ ዐይኑን ገልጦ መነሣት ይችላል፤ ሐኪሙ በድንገት ቢወጣ እንኳ በሰመመን ታስሮ አይቀርም። በጎ ሐኪምም ታካሚው ይህን በቤቱ ብቻውን እንዲያደርገው ያስተምረዋል እንጂ ዕድሜውን ሙሉ ከደጁ አያቆመውም።

የሰው ሁሉ ተፈጥሮ ግን በዚህ አንድ አይደለም። በ1959 ዓ.ም. በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ይህን የሚመዝን መለኪያ ተዘጋጅቶ ብዙ ሰዎች ተመዝነዋል። ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ወደ ሰመመን በፍጥነትና በጥልቀት ይገባሉ፤ የዚያኑ ያህል የሚሆኑት ደግሞ ከናካቴው አይገቡም ለማለት ይቻላል፤ የቀረው ሰው በመካከል ነው። የማይገባው ሰው ልበ ደንዳና፣ የሚገባውም ሞኝ ወይም ደካማ አይደለም። አንዱ ዜማ ቶሎ ሲይዝ ሌላው የሚዘገየው እንዴት ነው? ይህም እንደዚያ ነው።

በተግባር ጥቅሙ ጐልቶ የታየው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ ሕመምን በማስታገሥ ነው፤ ጥርስ ሲነቀል፣ የተቃጠለ ቍስል ሲታጠብና ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ይረዳል። በቤልጅየም አገር በሊዬዥ ዩኒቨርስቲ ሆስፒታል ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ እንቅርት ያለውን ቀዶ ሕክምና ለብዙ ታካሚዎች ሙሉ ማደንዘዣ ሳይሰጡ፣ የቦታ ማደንዘዣን ከጥቂት ማረጋጊያ መድኃኒትና ከሂፕኖሲስ ጋር አስተባብረው ሠርተዋል። ሁለተኛ ከሕክምና በፊት የሚመጣውን ፍርሃትና ጭንቀት በማብረድ ነው። ሦስተኛ ሐኪም ሲመረምረው ቍስልም ዕጢም የማይገኝበት፣ ነገር ግን ሆድን የሚነፋ፣ የሚቈርጥ፣ አንድ ጊዜ የሚያደርቅ አንድ ጊዜም የሚያስቀምጥ የአንጀት መታወክ ነው። ዶክተር ፒተር ዎርዌል በማንቸስተር በ1984 ዓ.ም. በሌላ ሕክምና ያልዳኑ 30 ታካሚዎችን በሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ወገን ሂፕኖሲስ ቢሰጥ ያ ወገን በጎላ ሁኔታ ተሻለው፤ የእንግሊዝ መንግሥት የሕክምና መመሪያም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ መድኃኒት ላልረዳቸው ሰዎች ሊታሰብ እንደሚገባው ጽፏል። በአንጻሩ ሲጋራን ያስተዋል ተብሎ ብዙ ይነገርለታል፤ ፈተናዎቹ ተሰብስበው ሲመረመሩ ግን ከሌላው እርዳታ የሚበልጥ መሆኑ አልተረጋገጠም።

ከዚህ ወሰን ያለፈ ተስፋ የሚሰጥ ሰው ሲመጣ ግን ነገሩ ቀልድ መሆኑ ይቀራል። ባለፈው ዓመት የአንድ ተማሪያችን እናት ወደ ቤታችን መጣች። ልጇ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ከጤና ጣቢያም ፌኖባርቢታል የተባለውን ኪኒን በየቀኑ ይወስዳል። በስልክ ያገኘችው አንድ ሰው ራሱን የሂፕኖሲስ ሐኪም ብሎ ጠርቶ፣ «በሦስት ቀን ከሥሩ ነቅዬ እጥልለታለሁ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ኪኒኑን ያቁም፤ ገንዘቡንም አስቀድመሽ ላኪ» ብሏታል። እርሷም «መምህር፣ እርስዎ ያነባሉና ይንገሩኝ፤ ጊደሪቱን ልሽጣት ወይስ ተዪ ይሉኛል? ልጄ ከባልንጀሮቹ ፊት ሲወድቅ ከማይ ቤቴንም ብሸጠው አይቆጨኝ» አለችን።

እኛም «እናቴ፣ ጊደሪቱስ ብትሸጥ ሌላ ትወለዳለች፤ ኪኒኑ በድንገት ቢቋረጥ ግን ሕመሙ ያለ ማቋረጥ ሊነሣበትና ልጅሽን ሊነጥቅሽ ይችላል። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው፤ በቃል አይነቀልም» አልናት። በማግሥቱ አብረን ከጤና ጣቢያው ሄድን። የጤና ባለሙያውም ልጁ እያደገ ሲሄድ የመድኃኒቱ መጠን ያልተጨመረለት መሆኑን አይቶ አስተካከለለት፤ ለተጨማሪ ምርመራም ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ላከው። ልጁ ዛሬም አልፎ አልፎ ይታመማል፤ ነገር ግን ከቀድሞው እጅግ ቀንሶለት ከትምህርቱ ሳይቀር ይማራል። ይህን የምንጽፈው እንዲህ ያለ ስልክ ወደ ሌላም ቤት ሊደወል ስለሚችል ነው። ሂፕኖሲስ የሚጥል በሽታን፣ ስኳርን፣ ካንሰርን ወይም ስብራትን አያድንም። ድምፅ ለሚሰማውና ከእውነት ለራቀ የአእምሮ ሕመምተኛ ደግሞ ሊያውክ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ሰው መሄድ የሚገባው እንደ አማኑኤል ወዳለ የአእምሮ ሆስፒታል ነው።

ሌላም መጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ ሰዎች በሰመመን ያለ ሰው የረሳውን ሁሉ ያስታውሳል፤ ሐሰትም አይናገርም ይላሉ። ይህ ለኛ አገር አዲስ ስሕተት አይደለም። አባቶቻችን ሌባሻ የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ሰጥተውና ጢስ አስጢሰው፣ ወገቡን በገመድ ይዘው በመንደር ይለቁትና፣ ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ ከተኛበት ቤት ያለው ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይፈረድበት ነበር። በዚህ ስንቱ ንጹሕ ሰው ንብረቱን እንደ ከፈለና እንደ ተዋረደ እግዚአብሔር ያውቃል። ሥርዓቱ በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ መከልከሉ ትልቅ ፍርድ ነበር። በአሜሪካም የሐኪሞቹ ማኅበር በ1985 ዓ.ም. ነገሩን መርምሮ፣ በሰመመን የተገኘ ትዝታ ከወትሮው ትዝታ የበለጠ አይታመንም፤ ሰውየው ያልሆነውንም እንደ ሆነ አድርጎ ሊያስታውስ ይችላል ብሏል። በፓሪስ ከዛፍ ሥር የወደቀውና በኛ መንደር ከሰው ቤት የወደቀው ልጅ አንድ ነገር ያስተምሩናል፤ ሁለቱንም የጣላቸው የማይታይ ኃይል እውነትን ነግሮ አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሕክምና አፍዝ አደንግዝ ነውን? አይደለም። መንፈስ አይጠራበትም፤ ክታብ አይጻፍበትም፤ የዶሮ ደም አይፈስበትም፤ ጢስም አይታጠንበትም። ታካሚው ሳይፈቅድና ሳይተባበር በአንድ እይታ ወይም በአንድ ንክኪ አይፈጸምም። በገበያ ወርቋን የሰጠችውን ሴት ያታለሏት ሰዎች መሣሪያቸው ብዙ ጊዜ ጥድፊያ፣ ማደናገርና የማትረፍ ተስፋ ነው፤ አንዳንዴም የሚያደነዝዝ መድኃኒት ነው። «አፍዝ አደንግዝ ነው» ብለን ስንተወው አታላዩን ከሰውነት በላይ እናደርገዋለን፤ ልጆቻችንንም «ከማታውቁት ሰው ጋር በጥድፊያ አትገበያዩ፤ የሰጣችሁንም አትቅመሱ» ብለን ማስተማሩን እንዘነጋለን።

ሂፕኖሲስ ከጸሎትም ከጠበልም ጋር የሚፎካከር አይደለም። ጸሎት ከፈጣሪ ጋር መነጋገር ነው፤ ይህ ግን የሐኪም መሣሪያ ነው፤ እንደ መርፌውና እንደ ኪኒኑ ይቈጠራል። በመጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት የተጻፈውን የሚያነብ ምእመን ጠበል እየተጠመቀ ኪኒኑን ለመዋጥ አይቸገርም።

ወደዚህ ሕክምና መሄድ የሚያስብ ቤተ ሰብ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ ሰውየው ፈቃድ ያለው ሐኪም ወይም የሥነ ልቡና ባለሙያ ነውን? ያለ ሂፕኖሲስ ሊያክመው የማይችለውን በሽታ በሂፕኖሲስ አክማለሁ የሚል ሰው ሊታመን አይገባውም። ሁለተኛ፣ የተጀመረውን መድኃኒት አቁሙ ይላልን? እንዲህ የሚል ከሆነ ከደጁ ይመለሱ። ሦስተኛ፣ ከሥሩ ነቅዬ አድናለሁ ብሎ ይምላልን? በጎ ሐኪም ግን «እንሞክረው፤ ይረዳህ ይሆናል፤ ካልረዳህም ሌላ መንገድ እንፈልጋለን» ይላል። የሚታከመው ሕፃን ወይም ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ከቤተ ሰብ አንድ ሰው አብሮ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ ይህንንም የሚከለክል ባለሙያ ምክንያቱን በግልጥ ይናገር።

ዐዋቂ ሐኪምን የሚያከብርና ከአታላይ የሚለይ ማስተዋል ለየቤታችን ይስጠን።